ሳይደርስ የመጣ ጡረታ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ የአባት ምትክ ሆነው ላሳደጉኝ ለወንድም ጋሼ አባይነህ፣ አሶሳ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የጉልበትዎ ሕመም እንዴት ነው? ሙቀቱ እንደበረታ ነው ወይስ ዝናብ ጣል ጣል ማድረግ ጀምሯል? እትዬ ብዙነሽስ፣ ያ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እዚህ ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ መሳሳሙም መጨባበጡም ቀርቷል። የካ ሚካኤል ግቢ ሰው ከሰው ሲገናኝ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል እንጂ እንደምን ዋልክ አይባባልም። ወረቀት ግን አይስምምና እኔ ሰላምታዬን ሳላጓድል ልኬያለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። በአካል ያልኩት አውቄ ነው።

በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። የእርስዎ ስልክ የመሥሪያ ቤቱ ስለነበር ከመጋዘኑ ቁልፍ ጋር አስረክበውታል። ይህን ደብዳቤ ያደረሰልዎት የጭነት መኪናችን ሾፌር ጀይላን፣ ባለፈው ወር በራሱ ስልክ ደውሎ አገናኝቶን ነበር። ያኔ «የኔ ልጅ» አሉኝ። ስለ ዝናቡና ስለ በርበሬው አውርተን ዘጋን። የምነግርዎት ነገር ነበረኝ፤ ግን ገና ሳልጀምረው «አይዞሽ» ብለው እንደሚያቋርጡኝ አወቅሁ። ወረቀት ላይ ማቋረጥ የለምና እስከ መጨረሻው ይታገሡኝ።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርዎት። ጡረታ የወጡት ጊዜዎ ደርሶ አይደለም። መሥሪያ ቤቱም ጠልቶዎት ወይም ሰልችቶዎት አይደለም። በስሕተት ነው፤ ስሕተቱን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ እኅትዎ ሐመልማል። አሁን አንድ ቀጭን መንገድ ቀርታለች፣ እሷም እስከ ሚያዝያ 12 ቀን ብቻ ናት። መንገዷ ምን እንደሆነች ከመናገሬ በፊት ግን እንዴት እንዳጠፋሁ ማወቅ አለብዎት።

ለአሶሳ ሰው ሁሉ «እኅቴ የዋናው መሥሪያ ቤት ቁልፍ ያዥ ናት» እያሉ እንደሚያወሩልኝ ጀይላን ነግሮኛል። አልተሳሳቱም። እርስዎ የዘርና የማዳበሪያ መጋዘን ሲጠብቁ እኔ የሰው ስም እጠብቃለሁ። ማን ኮምፒውተር ላይ መግባት እንደሚችል፣ ማን የትኛውን መዝገብ ማየት እንደሚችል፣ የማን ካርድ የትኛውን በር እንደሚከፍት የምወስነው እኔ ነኝ። ቀድሞ ይህ ሁሉ ምድር ቤት ባለ ሰርቨር ውስጥ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ሲመጣ አብሮ ይመጣል። አሁን ክላውድ ላይ ወጥቷል፤ የት እንደተቀመጠ እኔም አላውቅም። ባለቤቶቹ ባሕር ማዶ ሆነው በየወሩ ምን አዲስ ነገር እንደጨመሩ የሚዘረዝር ያሸበረቀ መልእክት ይልኩልናል። ማክሰኞ የተማርኩት ሐሙስ ያረጃል። አንዱን አዲስ መሣሪያ ለምደን ሳንጨርስ ሌላው ይመጣና የፊተኛው ሊቋረጥ ነው ይሉናል፤ እኛም ካልቸኮልን የምንቀር እየመሰለን እንሮጣለን።

አምና በፓስወርድ መግባት ቀርቶ በጣት አሻራ ሆነ ተባለ። የእርስዎን ጣት ማሽኑ አላነብም ያለው ያኔ ነው። ሃያ አራት ዓመት ጆንያ ሲጎትት የኖረ ጣት ምን መስመር ይቀርለታል? ጠዋት ጠዋት ሌላ ሰው እየመጣ «አዎ፣ እሱ ራሱ አባይነህ ነው» ብሎ ሲመሰክርልዎት በሃፍረት እንደሚገቡ የነገረኝ ጀይላን ነው። እርስዎ ሲደውሉልኝ የነገሩኝ ግን ማሽኑ ትንሽ አስቸገረኝ ብለው ብቻ ነበር። እኔም «ጣትዎን በሎሚ ይሹት» ብዬ ሳቅሁ። እንደዚያ መሳቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ «ረዳት» የሚሉት መጣ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ የሠራተኛውን መዝገብ ራሱ ያነብና ማን እንደተቀጠረ፣ ማን እንደተዛወረ፣ ማን መሰናበት እንዳለበት ዝርዝር ያወጣል። ከእኔ የሚጠበቀው ማጽደቅ ብቻ ነው። ካጸደቅሁ በኋላ አካውንቱ ይዘጋል፣ የበሩ ካርድ መሥራት ያቆማል፣ ደመወዝ ክፍል ይታዘዛል፣ የስንብት ደብዳቤውም ራሱ ተጽፎ እዚያው ቅርንጫፉ ባለው ፕሪንተር ይወጣል። የሰው እጅ አይነካውም። በስብሰባ ላይ ሲያሳዩን ሁላችንም አጨብጭበናል፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ጉዱ ያለው የልደት ዘመን ላይ ነው። የዋናው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የልደት ዘመን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተቀይሮ ነው የገባው። የቅርንጫፍ ሠራተኞች ግን ፎርሙ ላይ በእጃችሁ እንደሞላችሁት፣ በእኛው አቆጣጠር እንዳለ ተገልብጧል። የገለበጥኩት ከሦስት ዓመት በፊት እኔው ነኝ። ያኔ ያንን ቁጥር የሚያየው ስላልነበረ፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ትቼው ረሳሁት። ረዳቱ መጥቶ አየው። እርስዎ የተወለዱት በ1964 ነው፤ በእኛ ሃምሳ አራት ዓመትዎ ነው። እሱ በፈረንጅ ቆጠረና ስልሳን አልፈዋል ብሎ ጡረታ ጻፈልዎት።

ዝርዝሩ የመጣልኝ ማክሰኞ፣ ጥር 12 ቀን ነው። አርባ አንድ ስም ነበር። የእርስዎ አሥራ ሰባተኛው ላይ ነው። ታቦታችን ከጃንሜዳ የሚመለስበት ቀን መሆኑን ያውቃሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ነጭ በነጭ ሆኖ ወጥቶ እኔ ቢሮ ተቀምጬ ሰዓት እቆጥራለሁ። ታቦቱ ሳያልፈኝ ልድረስ ብዬ ልቤ ተሰቅሏል። ከገጹ ግርጌ «ሁሉንም አጽድቅ» የሚል ቁልፍ አለ። ስሞቹን አላነበብኩም፤ ተጫንኩትና ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ያን ቀን ስዘምርና እልል ስል ዋልኩ፣ ወንድም ጋሼ። እርስዎን ዘግቼ እልል ስል ዋልኩ።

ተማሪ ሳለሁ ክረምት ክረምት አሶሳ ስመጣ አብሬዎት መጋዘን እውል ነበር። በሩን ከመቆለፍዎ በፊት ሦስት ጊዜ «ሰው አለ?» ብለው ይጣራሉ። ማንም እንደሌለ ዓይናችን እያየ ለምን እንደሚጣሩ ስጠይቅዎት፣ ከጆንያ ጀርባ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሊኖር ይችላል፣ መጠየቅ ምን ያስከፍላል ብለውኝ ነበር። እኔ በአርባ አንድ ሰው ላይ ስቆልፍ አንዴ እንኳ አልተጣራሁም።

በማግሥቱ ስልኩ ይጮህ ጀመር። ከጅማ፣ ከጎንደር፣ ከሻሸመኔ፣ እየተሳደቡም እያለቀሱም ደወሉ። አለቃዬ አቶ የማነ የደወለውን ሁሉ መልሺ አሉኝ፤ በሳምንት ውስጥ ሠላሳ ስድስቱን መለስኩ። የቀሩት አምስቱስ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ያልጮኸ ሰው በእውነት ዕድሜው የደረሰ ነው አሉኝ። ለእኔም የሚመች መልስ ስለነበር ተቀበልኩት። የእርስዎ ነገር በሐሳቤ ሳይመጣ ቀርቶ አይደለም። እሳቸውን ቢነካቸው ኖሮ ከሁሉ ቀድመው ለእኔ ይደውሉ ነበር አልኩና ተውኩት። ስልክዎ ተወስዶ ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም። እሑድ እሑድ የሚደውሉት ሲቀር እንኳ ኔትወርኩ ነው፣ ጾሙም ገብቷል፣ ይደክማቸው ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ጀይላን የመጣው የካቲት 24 ቀን ነው። በቅን ልቡ የምሥራች ሊነግረኝ ነው የመጣው። ለእርስዎ በግ ታርዶ መሸኘትዎን፣ የስንብት ደብዳቤውን ላስቲክ አስለብሰው ግድግዳ ላይ መስቀልዎን፣ ክሊራንሱን በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈትዎ «ተስማምቻለሁ» ብለው መፈረምዎን እያደነቀ ነገረኝ። ዕድሜያቸው ስልሳ አለመሙላቱን እያወቁ ለምን ፈረሙ ብዬ ጠየቅሁት። እርስዎ ለሠራተኛው ያሉትን ነገረኝ፤ ጣቴ እምቢ ካለ ወዲህ እንደማልጠቅማቸው አውቄያለሁ፣ እነሱ ግን ጨዋ ስለሆኑ በዕድሜ አሳበውልኛል፣ ጨዋነታቸውን ማዋረድ አይገባኝም ብለዋል አሉ። እዚያው ጀይላን ፊት አለቀስኩ። እሱ የደስታ መስሎት ነበር።

ወዲያው ገብቼ አካውንትዎን ልከፍት ሞከርኩ። የተዘጋ ስም ሠላሳ ቀን ድረስ ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ ከነታሪኩ ይጠፋል። ሠላሳው ቀን ካለፈ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። ሃያ አራት ዓመት የፈረሙበት የገቢና የወጪ ሰነድ ሁሉ አሁን «ያልታወቀ ተጠቃሚ» የሚል ስም ነው የያዘው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ወር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ሲፈን ደግ ሴት ናት፤ አስቀምጣ አነጋገረችኝ። አካውንት የመክፈት ጉዳይ የአንቺ ነው፣ ዛሬውኑ አዲስ ክፈቺላቸው፣ ግን የት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት አለችኝ። እርስዎ በፈረሙ በሳምንቱ የአሶሳ መጋዘን ኃላፊነት ከአዲሱ መዋቅር ታጥፏል፤ ሥራው ከዚህ በካሜራና በኮምፒውተር እንዲመራ ተወስኗል። መሥሪያ ቤቱ አጋጣሚውን ተጠቀመበት ማለት ነው። ፊርማዎንም አውጥታ አሳየችኝ። ተስማምቻለሁ ይላል።

ጡረታውም ቢሆን ገና ነው። የጡረታ መዝገብዎ በእኛ አቆጣጠር በትክክል ተይዟል፤ ሃምሳ አራት ዓመት ይላል፤ ስለዚህ ገና ስድስት ዓመት መጠበቅ አለብዎት። ለሥራው አርጅተዋል ተባሉ፣ ለጡረታው ደግሞ ገና ልጅ ነዎት። ጀይላን እንዳለኝ ወረቀቱን ይዘው ሁለት ጊዜ ሄደው ወረፋ ጠብቀው ተመልሰዋል። እዚያም መዝገቡ ተሳስቶ ይሆናል ብለው ሳይከራከሩ እንደወጡ አልጠራጠርም። ዝም አይነቅዝም እያሉ ነው ያሳደጉኝ። አሁን ግን ነቀዘ፣ ወንድም ጋሼ። የጮኸው ሁሉ ተመልሶ ሥራው ላይ ነው፤ እርስዎ በጨዋነትዎ ቀሩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ለአቶ የማነ ጽፌ ሰጠሁ። አነበቡትና መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ይህ ወረቀት ከወጣ አንቺ ትባረሪያለሽ፣ ወንድምሽ ግን አይመለስም፣ ከአንድ ቤት ሁለት እንጀራ ለምን ይዘጋል አሉኝ። ደግሞም ተበዳዩ ራሱ ሳይከስ የበዳይ ኑዛዜ ዋጋ የለውም አሉ። የእኔም ወንበር ቢሆን ብዙ ዕድሜ የለውም። ከሐምሌ ጀምሮ ረዳቱ የሰው ማጽደቅ ሳያስፈልገው ራሱ እንዲወስን የሚያደርግ አዲስ ነገር ይጨመራል ተብሏል። ያኔ እንኳንስ ስሕተቴን ለማረም፣ ለመሳሳትም አልፈለግም።

ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። ለእግዚአብሔር ከመንገርሽ በፊት ለተበደለው ንገሪ አሉኝ። ያን ዕለት ቤት መግባት ስላልሆነልኝ እንጦጦን በእግሬ ወጣሁ፤ ልጅ ሳለሁ በትከሻዎ ያወጡኝ በነበረው መንገድ። ባሕር ዛፉ መሐል ተቀምጬ ቤታችንን ከላይ ፈለግሁት። ቆርቆሮው ከሌላው ቆርቆሮ ጋር ተመሳስሎብኝ አጣሁት። ጸሎት ልጀምር አልኩ፣ ምን ብዬ እንደምለምን ስላላወቅሁ ተመልሼ ወረድኩ።

አሁን ወደዚያች ቀጭን መንገድ ልምጣ። መሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለው። የተሰናበተ ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ አቤቱታ ካስገባ የማየት ግዴታ አለበት፤ ሦስት ወሩ የሚሞላው ሚያዝያ 12 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የፈሰሰ ውኃ ነው። አቤቱታው ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳጠፋ በስም መግለጽ አለበት፤ «በሲስተም ስሕተት» የሚለውን አይቀበሉም፤ ሲስተም አይጠየቅምና። ስለዚህ አቤቱታውን እኔው ጻፍኩልዎት፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፖስታው ውስጥ አለ። «የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ወይዘሪት ሐመልማል የልደት ዘመኔን አቆጣጠር ሳታጣራ፣ ዝርዝሩን ሳታነብ ከሥራ አሰናብታኛለች» ይላል። አንድም ውሸት የለበትም። የሚጎድለው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

ቢፈርሙም ተስፋው ብዙ አይደለም፤ እንዳላታልልዎት ብዬ ነው። የታጠፈን መደብ ኮሚቴው ሲመልስ ሲፈን እስካሁን አላየችም። እኔ እባረራለሁ፣ ይህ እርግጥ ነው። እርስዎ ግን ምናልባት በሌላ መደብ፣ ምናልባት አሶሳ ሳይሆን ሌላ ቅርንጫፍ ሊመድቡዎት ይችላሉ። ምናልባት ነው። ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም። ጀይላን ነገ ረቡዕ ይነሣል፣ ዓርብ ስቅለት ዕለት ይደርሳል፣ ሰኞ ይመለሳል። ከፈረሙ ለእሱ ይስጡት፤ ከቀኑ በፊት ይደርሳል።

እኔ ግን አውቅዎታለሁ። እኔን ለማስተማር የራስዎን ትምህርት ከዘጠነኛ ክፍል ትተው አሶሳ የወረዱ ሰው ነዎት። ይህን አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። አሁንም ወረቀቱን አጥፈው መጽሐፍ ቅዱስዎ ውስጥ ያስቀምጡታል። ለጀይላን ባዶ እጁን እንዳይመለስ አንድ ጣሳ ማር ሰጥተው «ለሐመልማል ስጥልኝ፣ ምንም አልሆንኩም በላት» ይሉታል። እባክዎትን ማር አይላኩልኝ። ማሩ ከመጣ መልስዎን አውቄዋለሁ ማለት ነው፣ እሱን ደግሞ ልበላው አልችልም። አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጡኝ። ልጅ ሳለሁ ተቆጥተውኝ ስለማያውቁ እንዴት እንደሚቆጡ እንኳ አላውቅም፤ ግን ይቆጡኝ።

ለታዴዎስ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። የመሰናዶ ፈተናውን እንዳይፈራው፣ የላክሁለትን መጽሐፍ ከኋላ ካሉት ጥያቄዎች እንዲጀምር ይንገሩት። የአባቱን ነገር ከሰማ በኋላ ከእኔ ጋር መነጋገር ባይፈልግ አልፈርድበትም። ለሃኒ የፀጉር ማስያዣዋን ጀይላን ይዞላታል፤ ቢጫውን ነው የፈለገችው፣ ቢጫውን ነው የላክሁት። ለጎረቤታችሁ ለአቶ በዳዳ፣ መጋዘን አብሮዎት ለኖረው ለጥበቃው ለጠሀም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ ጠሀ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ስለመሰከረልዎት እግዜር ይስጠው።

ለእትዬ ብዙነሽ ግን ሰላምታ ለመላክ ፊት የለኝም። እርስዎ ደብዳቤ ለቤተሰቡ ጮክ ብለው ሲያነቡ ክፉ ክፉውን ይዘላሉ። አባታችን ከሆስፒታል የላከውን የመጨረሻ ደብዳቤ ለእናታችን ሲያነቡላት ግማሹን እንደዘለሉት፣ ካደግሁ በኋላ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ አግኝቼ አንብቤ ነው ያወቅሁት። ይህችን ብቻ ሳይዘሉ ያንብቡላቸው፦ እትዬ ብዙነሽ፣ የባለቤትዎን ሥራ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ፖስታው ውስጥ ሌላ ወረቀት አለ፤ የሚጎድለው የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነው፤ እርስዎ ያስፈርሟቸው።

እንደሚዘሉት አውቃለሁ።

ያሳደጓት እኅትዎ
ሐመልማል

የካ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
መጋቢት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.